ከጋልቬስተን ወጥቶ የራስን የስናፐር ድንጋይ ፈልጎ ማግኘት

ሂዩስተንና ዙሪያዋ ሆናችሁ ጀልባ ላላችሁ ወይ ጀልባ ካለው ሰው ጋር ነዳጅ እየተካፈላችሁ ለምትወጡ ነው ይሄን ምፅፈው። ሬድ ስናፐር ምን አይነት አሳ እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፣ ሙሉውን ተጠብሶ በዳጣ የበላ ሰው ያውቀዋል፣ ገበያ ላይ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። (ጾም ላይ አሳ ይበላል አይበላም ሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እናቆየው።) ችግሩ አሳው ጠፍቶ አይደለም፣ ሁሉም ሰው አንድ ቦታ መሄዱ ነው። ቴክሳስ ፓርክስ ኤንድ ዋይልድላይፍ የሰመጡ መርከቦችንና ባህር ውስጥ የተጋደሙ የዘይት ማማዎችን ጂፒኤስ ነምበር ኢንተርኔት ካርታ ላይ ለማንም ክፍት አድርጎ አስቀምጦታል፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ጁን ላይ ቅዳሜ ጠዋት ብትሄዱ ጀልባው ተደርድሮ ነው ምታገኙት፣ ከስር ያለው ስናፐር ደሞ ወይ መንጠቆ የሰለቸው ነው ወይ ገና ጩጬ ነው።

ስለዚህ የራሳችሁን ቦታ ፈልጉ። ትልቅ ሪፍ (ባህር ውስጥ አሳ ሚሰበሰብበት የድንጋይ ወይ የብረት ክምር) አይደለም ምትፈልጉት፣ ካርታ ላይ ስም የሌላት፣ ከጭቃው ሁለት ሶስት ጫማ ብቅ ያለች ነገር ትበቃለች። እንደሷ አይነት አምስት ስድስት ቦታ ካላችሁ የማንንም ነምበር አትለምኑም። ስራው ደሞ ዕድል አይደለም፣ ግማሹ ቤት ኮምፒውተር ላይ ነው ሚያልቀው፣ ግማሹ ባህር ላይ በዝግታ እየተመላለሱ ሶናር (በድምፅ ወለሉን ሚያሳይ ማሽን) ላይ ማፍጠጥ ነው። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም።

ከስር ያለው መሬት

ከጋልቬስተን ፊት ለፊት ያለው የጋልፍ ወለል አብዛኛው ጭቃና አሸዋ ነው፣ ቁልቁለቱም በጣም ቀስ ያለ ነው። ከጋልቬስተን 22 ኖቲካል ማይል ወጥቶ ያለው የኖኣ (የአሜሪካ የባህርና የአየር መስሪያ ቤት) የአየር ቡዪ (ማዕበልና ንፋስ ሚለካ ተንሳፋፊ፣ ቁጥሩ 42035) የቆመበት ውሃ እንኳ ጥልቀቱ 50 ጫማን ትንሽ ቢያልፍ ነው። ማለት አንድ ሰአት ነድታችሁም ከስራችሁ ያው ሜዳ ነው። እዚህ ሜዳ ላይ ትንሽ ጠንካራ ነገር ካለ ያካባቢው አሳ ሁሉ እዛ ነው ሚሰበሰበው፣ ቀን በጠራራ ፀሀይ ከብቱ ሁሉ ሜዳው መሀል ያለችው አንዲት ዋርካ ስር እንደሚታጨቀው። ትንሽነቷ ማያሳስባችሁ ለዛ ነው።

ጠንካራው ነገር ከሶስት ቦታ ነው ሚመጣው። አንደኛው አሮጌ የባህር ዳርቻ ነው። የዛሬ 20 ሺ አመት ገደማ በበረዶ ዘመኑ የባህሩ ከፍታ ካሁኑ 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነበር፣ ዳርቻውም ያኔ ብዙ ማይል ወደ ውጪ ነበር፣ ከዛ ውሃው እየጨመረ ሲመጣ በየመሀሉ ቆም ያለበት ቦታ ላይ ዳርቻውን ጥሎት አልፏል። ሄልድ ባንክ፣ ሳቢን ባንክ፣ ፍሪፖርት ሮክስ እሚባሉት የዛ ትርፍራፊ ናቸው (ባንክ ማለት እዚህ ከባህሩ ወለል ከፍ ያለ ሰፊ ጉብታ ነው)። እነሱን ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል፣ ግን የባህር ዳርቻ ነጥብ አይደለም መስመር ነው፣ ከባንኩ ጫፍ ተነስታችሁ በዛው አቅጣጫ በዛው ጥልቀት ብትቀጥሉ የተቆራረጠ ነገር የማግኘት ዕድል አላችሁ። እኔ አዲስ ቦታ ስፈልግ መጀመሪያ ማየው እዛ ነው።

ሁለተኛው ከስር ጨው ገፍቶ ያነሳው ነው፣ ስቴትሰን ባንክና ፍላወር ጋርደን እንደዛ ናቸው። ፍላወር ጋርደን 100 ማይል ገደማ ስለሚርቅ ለትንሽ ጀልባ አይሆንም፣ ደሞም ከ1992 ጀምሮ ሳንክቹዋሪ (በህግ የተጠበቀ ቦታ) ነው፣ ስቴትሰን በ1996 ተጨመረ፣ በ2021 ደሞ ሌሎች ባንኮች ገብተውበት ሰፋ። እዛ ውስጥ መልህቅ መጣል ክልክል ነው፣ በዘንግና በመንጠቆ ማጥመድ ይቻላል። ድንበሩን ቻርትፕሎተራችሁ (የጀልባው የጂፒኤስ ካርታ ስክሪን) ላይ ጭናችሁት ውጡ፣ አላወኩም ነበር ማለት ከቅጣት አያድንም።

ሶስተኛው ሰው ሰራሽ ነው። ቪ ኤ ፎግ የምትባለው ታንከር በ1972 ከፍሪፖርት ወጣ ብላ ፈንድታ ከነ 39 ሰዎቿ ሰጠመች፣ አሁን 100 ጫማ አካባቢ ውሃ ውስጥ የታወቀች የአሳ ቦታ ናት። በ70ዎቹ አጋማሽ ደሞ ቴክሳስ 12 የሁለተኛው አለም ጦርነት ሊበርቲ መርከቦችን ሪፍ እንዲሆኑ ብሎ አስጥሟል። እነዚህ የአደባባይ ቦታዎች ናቸው፣ ለኛ ሚጠቅመን ከነሱ ዙሪያ የተበታተነውና ማንም ያልመዘገበው ነው፣ ከመርከቡ መቶ ሁለት መቶ ሜትር ርቆ የወደቀ ቁራጭ ላይ ማንም ጀልባ አይቆምም።

ስቴፕ 1፦ ቤት ቁጭ ብሎ ካርታ ማየት

ኖኣ የወረቀት ቻርት (የባህር ካርታ) ማተም አቁሟል፣ አሁን ሁሉም ኤሌክትሮኒክ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ታዩታላችሁ። ምትፈልጉት ምንድነው፣ በዙሪያው ካለው ጥልቀት አንድ ብቻውን ቀነስ ያለ ቁጥር፣ የጥልቀት መስመሩ ያለ ምክንያት ሚታጠፍበት ቦታ፣ የሰመጠ ነገር ምልክት፣ ኦብስትራክሽን (እንቅፋት) የተባለ ነጥብ፣ እና የወለሉ አይነት የተፃፈባት ትንሿ ፅሁፍ፣ ጭቃ ጭቃ ጭቃ እያለ መጥቶ ድንገት ዛጎል ወይ ድንጋይ ካለ እዛ ላይ ክብ አድርጉ። የኖኣ የታሪክ ቻርቶች ስብስብም በነፃ ይወርዳል፣ የድሮዎቹ ሰዎች በገመድና በእርሳስ (ገመዱ ጫፍ ላይ በታሰረ ከባድ ብረት) ነበር ሚለኩት፣ እርሳሱ ምን ይዞ እንደወጣ ስለሚፅፉ አንዳንዴ አዲሱ ቻርት ላይ የሌለ መረጃ እዛ ታገኛላችሁ። የመርከብ መተላለፊያዎቹ አካባቢ ደሞ በዘመናዊ ሶናር የተሰራ ዝርዝር ሰርቬይ አለ፣ የኖኣ የባህር ወለል መረጃ ካርታ ላይ ግቡና በከለር እዩት፣ ትንሿ ጉብታ ሳትቀር ትታያለች።

ቦኤም የሚባለው የፌደራል መስሪያ ቤት (የባህር ላይ ዘይትና ጋዝ ሚያስተዳድረው) የዘይት ማማዎችን፣ የተነሱትንም ጭምር፣ እና የቱቦዎችን መስመር ያወጣል። በ2017 ደሞ ከዘይት ኩባንያዎች ሰርቬይ የተሰራ 1.4 ቢሊዮን ፒክስል ያለው የጋልፉን ወለል ካርታ አውጥቷል፣ በጣም ያምራል ግን ጥልቅ ውሃ ላይ ነው ያተኮረው፣ 28 ጫማ ጀልባ ላለው ሰው ብዙም አይደርስበትም።

ቱቦ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው ይንቀዋል። ከ200 ጫማ ያነሰ ውሃ ላይ ትላልቆቹ ቱቦዎች ቢያንስ 3 ጫማ እንዲቀበሩ ህጉ ያዛል፣ ስለዚህ አብዛኛው መስመር ላይ ሚታይ ነገር የለም። ግን ሁለት ቱቦ ሚሻገሩበት ቦታ ላይ ኮንክሪት ምንጣፍ ወይ የአሸዋ ከረጢት ይቀመጣል፣ ያ ጉብታ ይሆናል፣ ሌላው ደሞ ሄሪኬን አሸዋውን ጠርጎ ቱቦውን ሚያወጣበት ጊዜ አለ። መገናኛዎቹን ካርታው ላይ ፈልጋችሁ ነጥብ አድርጉ። ግን ግን ግን፣ እዛ ላይ መልህቅ እንዳትጥሉ፣ እየተንሳፈፋችሁ ብቻ ነው ምታጠምዱት። በ1989 ሳቢን ፓስ አጠገብ ኖርዝምበርላንድ የምትባል አሳ አጥማጅ መርከብ የጋዝ ቱቦ መትታ 11 ሰው ሞቷል።

ከዛ የሽሪምፕ አጥማጆች ነምበር አለ። መረባቸው የተያዘበትን ቦታ ሁሉ ይመዘግባሉ፣ መረብ ቀደው እንዳይመለሱ ማለት ነው፣ ለነሱ መርገምት የሆነው ለኛ ሲሳይ ነው። ሽማግሌ ሽሪምፕ አጥማጅ ካገኛችሁ ቡና ጋብዙት። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ አብዛኛው የድሮ ነምበር ሎራን (ከጂፒኤስ በፊት የነበረ በሬድዮ ቦታ ማወቂያ) ነው፣ ሎራን ሲ አሜሪካ ውስጥ በፌብሩዋሪ 2010 ተዘግቷል፣ ወደ ጂፒኤስ ስትቀይሩት ብዙ መቶ ጫማ ሊስት ይችላል። ሁለተኛ፣ ሰውየው ሚመዘግበው መረቡ ሲያዝ ጀልባው የነበረበትን ነው፣ መረቡ ግን ከኋላው ብዙ መቶ ጫማ ርቆ ነው ሚጎተተው። ሽሪምፕ ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጥልቀት ይዞ ስለሚጎትት ፍለጋውን በጥልቀቱ መስመር ላይ በሁለቱም በኩል ነው ምታረጉት እንጂ ነምበሩ ላይ ቆማችሁ ምንም የለም ብላችሁ አትሂዱ።

የነምበር አፃፃፍም ሰው ያሳስታል። 29 ዲግሪ 00.500 ደቂቃ እና 29 ዲግሪ 00 ደቂቃ 50 ሰከንድ አንድ አይደሉም፣ በመሀላቸው 2000 ጫማ አለ። ጂፒኤሳችሁን በዲግሪና በነጥብ ደቂቃ አድርጉት፣ ሰው ነምበር ሲሰጣችሁ በየትኛው እንደሆነ ጠይቁ። የዘይት ብሎኮቹ (ባህሩ ለዘይት ስራ የተከፋፈለባቸው ክፍሎች) ደሞ በድሮው ናድ 27 በሚባል የካርታ መለኪያ ነው የተሰሩት፣ ጂፒኤሳችሁ በአዲሱ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ላይ ነው፣ እዚህ አካባቢ ልዩነቱ መቶ ጫማ ገደማ ነው፣ ለማማ ምንም አይደለም ለትንሽ ድንጋይ ግን መሳት ማለት ነው።

ይሄን ሁሉ ጉግል ኧርዝ ላይ ሰብስቡትና ሁልጊዜ ከምትወጡበት መስመር ግራና ቀኝ ሁለት ሶስት ማይል ውስጥ ያሉትን ምረጡ። ዋናው ዘዴ እዚህ ጋ ነው። አንድ ሙሉ ቀን ለፍለጋ ብላችሁ አትውጡ፣ ሰው ይሰለቻል ነዳጅም ያልቃል፣ መድረሻችሁ ምታውቁት ቦታ ይሁን፣ መንገድ ላይ ሁለት ወይ ሶስት ነጥብ ታያላችሁ፣ በቃ።

ስቴፕ 2፦ ከመውጣት በፊት

ይሄን በአጭሩ። ነዳጅ ሲሶ ለመሄጃ ሲሶ ለመመለሻ ሲሶ መጠባበቂያ፣ ፍለጋ ከመሄጃው ሲሶ ነው ሚቀነሰው። ቪኤችኤፍ ሬድዮ (ቻናል 16)፣ ኢፐርብ (አደጋ ሲደርስ ያላችሁበትን ቦታ በሳተላይት ሚያሳውቅ መሳሪያ)፣ ለሁሉም ሰው ላይፍ ጃኬት፣ እና የት እንደምትሄዱና ስንት ሰአት እንደምትመለሱ ለቤት ሰው በፅሁፍ። የቡዪ 42035ን ማዕበል ስታዩ ቁመቱን ብቻ አትዩ በስንት ሰከንድ ልዩነት እንደሚመጣም እዩ፣ 3 ጫማ በ8 ሰከንድ ጥሩ ነው፣ 3 ጫማ በ4 ሰከንድ ወገብ ይቆርጣል፣ ሶናር ማንበብም አይቻልም። በጋ ላይ ጠዋት ረጋ ይላል ከሰአት ንፋሱ ይነሳል፣ ፍለጋው ጠዋት ይሁን።

ህጉ፦ የጨዋማ ውሃ ፈቃድ ያለበት ላይሰንስ ያስፈልጋል። ከዳርቻው እስከ 9 ኖቲካል ማይል የቴክሳስ ውሃ ነው፣ ከዛ ወዲያ ፌደራል። በቅርብ አመታት የነበረው ህግ በቴክሳስ ውሃ ስናፐር አመቱን ሙሉ ለሰው 4፣ ከ15 ኢንች ያላነሰ፣ ፌደራል ላይ ለሰው 2፣ ከ16 ኢንች ያላነሰ፣ ሲዝኑም ጁን 1 ይከፈትና መቼ እንደሚዘጋ ቴክሳስ በየአመቱ ይወስናል። ይለዋወጣል፣ በወጣችሁ ቁጥር ዌብሳይቱን እዩ። ፌደራል ውሃ ላይ በተፈጥሮ ማጥመጃ (ስኩዊድ፣ ሰርዲን ምናምን) ስታጠምዱ ሰርክል መንጠቆ (ጫፉ ወደ ውስጥ የዞረ) ግዴታ ነው፣ ስቴንለስ ያልሆነ።

ስቴፕ 3፦ ሶናሩን ማንበብ

ፊሽ ፋይንደሩን (ያው ሶናሩን) ከአውቶ አውጡት። አውቶ ላይ ስክሪኑን ማሽኑ እንደፈለገ ስለሚያስተካክለው ጭቃና ድንጋይ አንድ ይመስላል። የአሳ ስዕል ሚያሳየውንም አጥፉት፣ ለህፃን ነው። ውሃው 80 ጫማ ከሆነ ሬንጁን (ስክሪኑ ሚያሳየውን ጥልቀት) 180 ወይ 200 ላይ በእጅ አድርጉት። ለምን ካላችሁ ሁለተኛውን ድምፅ ለማየት ነው፣ ድምፁ ወለሉ ላይ ነጥሮ ይመጣል፣ የውሃውን ገፅ መትቶ እንደገና ይወርድና ይመለሳል፣ ያ 160 ጫማ ላይ እንደ ሁለተኛ ወለል ይሳላል። ጭቃ ድምፁን ስለሚውጠው ሁለተኛው መስመር የለም ወይ እንደ ጥላ ነው፣ ድንጋይ ላይ ስትደርሱ ግን ያቺ 160 ላይ ያለችው መስመር ድንገት ደምቃ ትወጣለች። ላይኛው መስመር ላይ ደሞ ጭቃው ቀጭንና ደብዛዛ ነው፣ ጠንካራ ወለል ወፍራም ነው፣ ከስሩ ረጅም ቢጫ ወይ ቀይ ጭራ ይጎትታል (እንደ ከለር ምርጫችሁ)። ጉብታው ሳይታይ መስመሩ ብቻ ሊወፍር ይችላል፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ማለት ነው፣ እሱም አሳ ይይዛል፣ ብዙ ሰው እላዩ ላይ ነድቶ ያልፈዋል።

ስክሪኑን ለሁለት ክፈሉት፣ ግማሹ ሙሉ ጥልቀቱን፣ ግማሹ የታችኛውን 20 ጫማ ብቻ በዙም። ሁለት ጫማ ጉብታ 200 ጫማ ሬንጅ ላይ የፀጉር ያህል ነው፣ ዙሙ ላይ ግን ይታያል።

ፍሪኩዌንሲ፦ 200 ኪሎኸርዝ ጠባብ ነው፣ 12 ዲግሪ ገደማ ከሆነ 100 ጫማ ውሃ ላይ ሚያየው ክብ ስፋቱ 20 ጫማ ብቻ ነው። ለፍለጋ አይሆንም፣ ካገኛችሁ በኋላ ልክ ከስራችሁ መሆኑን ለማረጋገጥ ነው። 50 ኪሎኸርዙ 40 ዲግሪ ገደማ ከሆነ እዛው ጥልቀት ላይ ከ70 ጫማ በላይ ያያል፣ ፍለጋው በሱ ነው። ግን ሰፊው ጠርዝ ላይ ያለን ድንጋይም ከስራችሁ እንዳለ አድርጎ ያሳያችኋል፣ ለዛ ነው ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስኬድ ያለባችሁ። ሳይድ ስካን (ወደ ግራና ቀኝ ሚያይ ሶናር) ካላችሁ ከ100 ጫማ ባነሰ ውሃ ላይ የሁሉም አለቃ እሱ ነው።

አሳውስ? ስናፐር ከጉብታው በላይ ከወለሉ ተነስቶ 10፣ 15፣ 20 ጫማ ወደ ላይ ይደረደራል፣ ከስር ሰፋ ከላይ ጠበብ ያለ ክምር ነው። ግሩፐር ወለሉን ተጣብቆ ስለሚተኛ ከድንጋዩ አይለይም። ትናንሽ የመኖ አሳ ደሞ እንደ ደመና ጥቅጥቅ ያለ ነገር ነው፣ ወለሉ ካልተቀየረ ደመናውን አትመኑት፣ አስር ደቂቃ ቆይታችሁ ብትመለሱ የለም።

ስቴፕ 4፦ መመላለስ

ነጥባችሁ ላይ ስትደርሱ ፍጥነቱን ወደ 5 ወይ 6 ኖት አውርዱት። ማዕበሉን በጎን አትውሰዱት፣ ጀልባው ሲንገዋለል ሶናሩ ወለሉን ያጣዋል፣ መስመራችሁን ወደ ማዕበሉ ፊትና ከማዕበሉ ጋር አድርጉት። ቻርትፕሎተሩን በጣም ዙም አድርጋችሁ ትራኩ እንዲታይ ክፈቱት፣ ሩብ ማይል ያህል ሄዳችሁ ትዞራላችሁ፣ ካለፈው መስመር 60 ጫማ ገደማ ፈቀቅ ብላችሁ ትመለሳላችሁ፣ በሳይድ ስካን ከሆነ 200 ጫማ ፈቀቅ ማለት ይበቃል። የእርሻ ማረስ ነው ሌላ ምንም ጥበብ የለውም። አንድ ሰው ይንዳ፣ አንድ ሰው ሶናሩን ብቻ ይይ፣ ነጂው ሙዚቃም መቀየር የለበትም።

ወለሉ ሲቀየር ወዲያው ዌይፖይንት ምቱ (ቦታውን ጂፒኤሱ ላይ ነጥብ አድርጉ)፣ አትዙሩ፣ መስመሩን ጨርሱ። ምክንያቱም ሶናሩ ሚያሳያችሁ ያለፋችሁትን ነው፣ ጣታችሁ እስኪደርስ ጀልባው ሄዷል፣ ጂፒኤስ አንቴናውም ብዙ ጊዜ ከትራንስዱሰሩ (ድምፁን ከሚልከው የሶናሩ ክፍል) ብዙ ጫማ ፊት ነው። ከሰሜን መጥታችሁ የመታችሁት ነጥብ ከድንጋዩ ወደ ደቡብ ያርፋል፣ ከደቡብ ስትመጡ ወደ ሰሜን። በሁለቱም አቅጣጫ አልፋችሁ ሁለት ነጥብ ውሰዱ፣ ድንጋዩ መሀላቸው ነው። ከዛ በምስራቅና ምዕራብም እንደዛው። አራት ነጥብ ካለ በኋላ መሀሉ ላይ አንድ አዲስ አድርጋችሁ አራቱን አጥፉ። ለምን ይሄን ያህል ትሉ ይሆናል፣ ድንጋይዋ የአንድ ክፍል ስፋት ብቻ ከሆነች 40 ጫማ መሳት ማለት ሙሉ ቀን ጭቃ ላይ ስኩዊድ መዘፍዘፍ ነው።

አርባ ደቂቃ ተመላልሳችሁ ምንም ካልታየ ተዉት፣ የተፈለገ ብላችሁ መዝግቡና ወደ ሌላው ሂዱ። ነገር የታየበት ቦታ ብቻ ሳይሆን ምንም ያልታየበትም መመዝገብ አለበት፣ አለበለዚያ በሚቀጥለው አመት እዛው ታርሳላችሁ።

መንገድ ላይ ሌላ ምልክትም አለ። ለኪንግፊሽ ማጥመጃ እየጎተታችሁ ስትነዱ ባዶ ሜዳ ላይ አንድ ቦታ ላይ አሳ ሁለቴ ከመታው ከስር የሆነ ነገር አለ፣ ዌይፖይንት ምቱና ተመለሱ። በተረፈ ወደ ቤት ስትመለሱ በሄዳችሁበት መስመር አትመለሱ፣ ግማሽ ማይል ፈቀቅ በሉ፣ ሶናሩ ክፍት ይሁን፣ ነዳጁ እንደሆነ ያው ነው።

ስቴፕ 5፦ እርሳሱን በሳሙና

ይሄ የጥንት መርከበኞች ዘዴ ነው፣ እነሱ ሞራ ነበር ሚጠቀሙት። ትልቅ እርሳስ ውሰዱ (10 አውንስ ምናምን)፣ ታችኛውን ጎን በቢላ ትንሽ ፈልፍሉት፣ ለስላሳ የልብስ ሳሙና ጨቁኑበት። አውርዱት፣ ሁለት ሶስቴ አንስታችሁ መልሱት፣ ከዛ አውጡና እዩ። ግራጫ ልጥፍ ያለ ጭቃ ከያዘ ስትጎትቱትም ከወለሉ ሲላቀቅ ጠፍ ሲል በእጃችሁ ይሰማችኋል። የዛጎል ስብርባሪ ከያዘ ጥሩ ነው። ምንም ሳይዝ ሳሙናው ተፍቆ ወይ ተጭሮ ከወጣ ድንጋይ ነው፣ ገመዱም ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ሶናሩ ያጠራጠራችሁን ነገር ሁሉ ይሄ ይቆርጠዋል፣ ዋጋው ደሞ አንድ ሳሙና ነው።

ስቴፕ 6፦ አሳው አለ ወይ

መጀመሪያ መልህቅ አትጣሉ። ሞተሩን ዜሮ አድርጋችሁ ጀልባው በየት በኩል እንደሚንሸራተት እዩ፣ ከዛ ከንፋሱና ከከረንቱ በላይ ሄዳችሁ በድንጋዩ ላይ እንድታልፉ አድርጉ። ስናፐሩ ብዙ ጊዜ ከድንጋዩ ከረንቱ ከሚመጣበት በኩል ነው ሚቆመው፣ ልክ አናቱ ላይ ሳይሆን። 6/0 ወይ 7/0 ሰርክል መንጠቆ፣ 60 ፓውንድ ሊደር (ከመንጠቆው ጋር ሚያያዘው ጠንካራ ክር)፣ ወለል እስኪነካ እርሳስ፣ ነክቶ ሲቆም ሶስት አራት ዙር ወደ ላይ ጠምጥሙት። ሲበላ ዘንጉን አትንጠቁ፣ ሰርክል መንጠቆ ነው፣ ዝም ብላችሁ መጠምጠም ጀምሩ ራሱ ይይዛል።

መጀመሪያ ሚወጣው አሳ ብዙ ይናገራል። ሀርድሄድ ካትፊሽና ክሮከር ብቻ ከሆነ ጭቃ ላይ ናችሁ። ትሪገርፊሽ ወይ ቨርሚሊየን ስናፐር ከወጣ የምር ድንጋይ ነው፣ ሬዱ ባይበላም ቦታውን ያዙት፣ ሌላ ቀን ሌላ ከረንት ላይ ሞክሩት። ሻርክና ዶልፊን መጥቶ የያዛችሁትን መብላት ከጀመረ ተነሱ፣ መታገል ዋጋ የለውም።

ልትቆዩ ከሆነ ስፖት ሎክ (ጀልባውን በጂፒኤስ አንድ ቦታ ሚያቆም) ያለው ትሮሊንግ ሞተር (ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) ያላቸው ታድለዋል። መልህቅ ከሆነ ከድንጋዩ በላይ ርቃችሁ ጣሉት፣ ገመዱን ለቃችሁ ወደ ኋላ ድንጋዩ ላይ እንድትደርሱ፣ ሁልጊዜ ከፊት በኩል ብቻ እሰሩ፣ ከኋላ የታሰረ ጀልባ ውሃ ሞልቶት ይገለበጣል።

ከጥልቅ የወጣ አሳ ሆዱ ያብጣል፣ ጨጓራው ባፉ ይወጣል፣ አይኑ ይፈጣል። ትንሽ ነው ብላችሁ ዝም ብላችሁ ብትወረውሩት ተንሳፍፎ ይሞታል። ዲሴንዲንግ ዲቫይስ ያዙ፣ ከንፈሩን ነክሶ ክብደት አስሮ ወደ ታች ሚያወርድ ነው፣ ወርዶ ግፊቱ ሲመለስ ራሱ ይለቀዋል። ባፉ የወጣውን ጨጓራ በመርፌ ሚወጉ አሉ፣ እሱ ስህተት ነው፣ አየሩ ያለው ሌላ ፊኛ ውስጥ ነው። ገና ሳታጠምዱ መሳሪያው ገመድ ላይ ታስሮ ዝግጁ ይሁን።

ስቴፕ 7፦ ቦታውን ማቆየት

ትንሽ ድንጋይ ላይ ያለው ትልቅ ስናፐር ቁጥሩ ውስን ነው፣ በአንድ ቀን ጠርጋችሁ ልትጨርሱት ትችላላችሁ። ስናፐር ከ50 አመት በላይ ሊኖር የሚችል አሳ ነው፣ ያ ትልቁ በቶሎ አይተካም። እኔ ከአንድ ቦታ ሁለት ሶስት ጥሩ አሳ ካገኘሁ ሊሚት ባይሞላም ተነስቼ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ፣ ያንን ቦታም ሳምንታት አሳርፈዋለሁ፣ ለዛ ነው አምስት ስድስት ቦታ ይኑራችሁ ያልኩት። ጉብታ ለመጨመር ብላችሁ አሮጌ ጎማ ወይ ፍሪጅ ወስዳችሁ እንዳትጥሉ፣ ያለ ፈቃድ ወንጀል ነው፣ ጎማ ደሞ በማዕበል ይንከራተታል እንጂ አይቀመጥም።

ስልክ ላይ ብቻ አትመዝግቡ፣ ደብተር ይኑራችሁ፣ ነምበሩ፣ ጥልቀቱ፣ ምን አይነት ወለል፣ ቀኑ፣ ከረንቱ ከየት እንደነበር፣ ምን እንደወጣ። አሳውን ፎቶ ስታነሱ ከኋላ ቻርትፕሎተሩ እንዳይገባ፣ የስልኩንም ሎኬሽን አጥፉ፣ ቴሌግራም ላይ ሰው ዙም አድርጎ ያነበዋል። ለጓደኛም ቢሆን ሆድ ይፍጀው፣ ሚስጥሩ ከወጣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሶስት ጀልባ ቆሞበት ታገኙታላችሁ፣ ሰው ሲጠጋችሁ ደሞ መጠምጠም አቁማችሁ ተንሸራተቱ።

ሄሪኬን ካለፈ በኋላ ሁሉንም ነጥቦቻችሁን እንደገና እዩ። አሸዋው ስለሚንቀሳቀስ ሁለት ጫማ የነበረች ድንጋይ ተቀብራ ልታገኟት ትችላላችሁ፣ ከዛው መቶ ሜትር ርቆ ደሞ ያልነበረ ነገር ወጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ የተቀበረውን ነምበር አታጥፉት፣ ከጎኑ ቀኑን ፃፉበትና ዙሪያውን በሁለት በኩል እየተመላለሳችሁ ፈልጉ።